ሆዳሙና አንዲቷ እጀታ

ታናሽ ወንድሜ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ካልተወ አንድ ቀን በገዛ እጄ አንቀዋለሁ ብዬ ስንቴ እንደማልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የተላጠ ሽቦ በፕላስተር ይጠቀልልና «ለጊዜው ነው» ይላል። ብሎን የጎደለበት ቦታ ላይ የተጣመመ ምስማር ይሰካና «ለጊዜው ነው እታለም፣ አትቆጪ» ይላል። ምስማሩ እዚያው ይከርማል፣ ይዝጋል፣ የዕቃው አካል ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያልኩ ስመክረው ኖርኩ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ። በመጨረሻ የሰለቸኝ የራሴው ድምፅ ነው።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ድሮ የማተሚያ ቤት መጋዘን የነበረና እስካሁን ቀለም ቀለም የሚሸት ክፍል ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ እሱም መሐንዲስ ነው። ልዩነታችን እኔ ደጋግሜ ለክቼ እቆርጣለሁ፣ እሱ ቆርጦ ይለካል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ችኩሌ» ይሉታል። እናታችን ግን «የኔ ብርቅ» ነው የምትለው። እኔን በስሜ ትጠራኛለች።

የምንሠራበት ማሽን ወረቀት ላይ ያለው ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ «ሆዳሙ» እንለዋለን። ሥራው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልቀም ነው። አንድ ትልቅ ማራገቢያ አየሩን ይስብና ነጫጭ ፍሬዎች በተሞሉበት ሣጥን ውስጥ ያሳልፈዋል። ፍሬዎቹ ጋዙን ይይዙታል። ሲጠግቡ ሣጥኑ ይዘጋል፣ ይሞቃል፣ ፍሬዎቹም የያዙትን ይለቃሉ። የተለቀቀው ጋዝ በቆጣሪ አልፎ ይለካል፤ ከዚያ በላስቲክ ቱቦ በመስኮት ይወጣል። አዎ፣ መልሰን እንለቀዋለን። ማጠራቀሚያ ሲሊንደር ይገዛላችኋል ከተባልን ቆየን። እስኪገዛ ድረስ ሥራችን ዓሣ አጥምዶ፣ መዝኖ፣ ወደ ውኃው መመለስ ነው። ዋናው ነገር መመዘኑ ነው ይሉናል።

መያዙ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማስለቀቁ ነው። ፍሬዎቹ የጨበጡትን እንዲለቁ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ፍሬ ከቀዝቃዛ ተነስተን ማሞቅ አለብን። ሲጨርስ ደግሞ ቀዝቅዞ እንደገና እንዲይዝ ሙቀቱን እንደፋዋለን። ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቶ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ የቀረውን እንደ መድፋት ነው። በዚህ ላይ ሣጥኑ ጋዝ ጢም ብሎ ቢሞላም፣ ግማሹ ባዶ ቢሆንም፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ያው ነው። ለአንድ ኪሎ ጋዝ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት! ሆዳም ያልነው ለዚህ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ኮሚቴ ደግሞ ቁርጡን ነግሮናል፦ ከአራት በታች ካላወረዳችሁት ማሽኑ ይፈታል፣ ክፍሉም ለሌላ ሥራ ይውላል።

ከስድስት ወደ አራት። ለሰሚው ምንም አይደለም። እኔ ግን ለዚያች ልዩነት ስል ጨጓራዬ ተልጧል። ሣጥኑን በጥጥ ጠቀለልኩ፣ ማራገቢያውን ቀየርኩ፣ ፍሬውን አሳነስኩ፣ አበዛሁ። ሆዳሙ ንቅንቅ አላለም። አለቃችን በየጧቱ በር ላይ ብቅ ይልና «ነገሩማ እንዴት ነው?» ይላል። ዓረፍተ ነገር በ«ነገሩማ» ካልጀመረ አፉ አይከፈትለትም፤ ከጀርባው «አቶ ነገሩማ» ነው የምንለው።

ታዲያ ችኩሌ አንድ ቀን ቁርሱን እያኘከ መጣና፣ «እታለም፣ አንድ ሣጥን ለምን?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሁለት እናድርገው። አንዱ ሲቀዘቅዝ የሚደፋውን ሙቀት ሌላው ይጠጣው። መንትያ!»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ሐሳቡ ጥሩ ስለነበረ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ከድስቱ ጋር ስታገል እሱ ዳቦ እያኘከ መጣና ሁለተኛ ድስት አየ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ሐሰት መናገር አልችልም። ያሳደግኩት ልጅ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ጫማውን ያሰርኩለት፣ ሒሳብ ያስጠናሁት፣ ትምህርት ቤት ሲጣላ ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩለት እኔ ነኝ።

መንትያውን በሠራንበት ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። ፊት ለፊታችን ባለው ፎቅ የምትኖር አንዲት አራስ ሴትዮ አለች። የማራገቢያችን ጩኸት ልጇን አላስተኛው ብሎ በመስኮቷ ብቅ እያለች ስድቧን ታወርድብናለች። «እናንተ ሰዎች! እዚያ ውስጥ አውሮፕላን ነው የምትሠሩት?» ትላለች። አቶ ነገሩማ ክስ ፈራና፣ «ነገሩማ መስኮቶቹ ይዘጉ» ብሎ አዘዘ።

የክፍላችን መስኮቶች ከባድ የብረት መስኮቶች ናቸው። እጀታዎቻቸው ባለፉት ተከራዮች ዘመን አልቀው የቀረችው አንዲት ተነቃይ እጀታ ብቻ ናት። ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች። መስኮት መክፈት የፈለገ እሷን ወስዶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ያዞራል፣ ከዚያ ወደ ምስማሯ ይመልሳታል። ያለ እሷ አይከፈትም፤ ያለ እሷ ቢገፉትም አይያዝም፣ ነፋስ መልሶ ይበረግደዋል። ያን ቀን ችኩሌ እጀታዋን ይዞ ዞረና ሁሉንም ዘጋ። በመስኮት የሚወጣውን የጋዝ ቱቦ ወደ ውስጥ ሳበውና ጠረጴዛ ሥር ወሸቀው።

«እሱስ?» አልኩት።

«ለጊዜው ነው። ግድግዳውን በስቼ አወጣዋለሁ።»

መንትያው በተነሳ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ከአምስት በታች ወረደ። በሳምንቱ አራት ገባ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ከምናምን! ችኩሌ ስክሪኑን ሳመው። አቶ ነገሩማ መጥቶ አየና «ነገሩማ…» ብሎ ቀጣዩን ቃል አጣ። እኔ እንኳ፣ ሦስቴ ካልለካሁ የማላምነው እኔ እንኳ፣ ለካሁ፣ ደገምኩ፣ ሦስትን አመንኩ። እናታችን ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ፣ ለአትክልት ሻጯ ሳይቀር ነገረች። ብዙም ሳይቆይ ከኮሚቴው መልስ መጣ፦ መጥተን በዓይናችን እናያለን፣ እውነት ከሆነ ትልቅ ጣቢያ ይሠራል፣ የጣቢያው ኃላፊ የመንትያው ፈልሳፊ ይሆናል። የኔ ብርቅ፣ ኃላፊ! እናቴ ሙሉ ልብስ ልታሰፋለት ልብስ ሰፊ ዘንድ ይዛው ሄደች።

በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ችኩሌም ወንበር ላይ እንዳለ ያንቀላፋል። «ደስታ ነው የሚያደክመን» አለኝ። እኔም ሞኟ «ይሆናል» አልኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሱን ሊለካ ሄዶ ብቻዬን ስሠራ የብሎን ዳዶ ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛ ሥር ተንከባለለ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስፈልግ የሆነ ለብ ያለ ነገር ፊቴ ላይ እፍ አለብኝ። ቱቦው ነው። አፉ ላይ ከመወልወያ ጨርቅ የተመዘዘ ክር ተጠምዶ ይርገበገባል። እያየሁት ክሩ ተላቀቀ። ተነሳ፣ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፣ አየር ላይ ትንሽ ዋለለ። ከዚያ ማንም ሳይገፋው ቀጥ ብሎ ሄደና የማራገቢያው ወንፊት ላይ ተለጠፈ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

የለቀቅነውን ጋዝ ነው መልሰን የምንይዘው! በር ዝግ፣ መስኮት ዝግ፣ እኛ የምንተነፍሰውም ተጨምሮበት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጋዝ ውጭ ካለው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ፍሬዎቹ ያለ ድካም ጢም ብለው ይሞላሉ፤ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ግን ያው ነው። ቁጥሩ ለምን አይወርድ! የተፉትን መላስ ሲባል እሰማ ነበር፤ በማሽን ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ራስ ምታቴም፣ የወንድሜ እንቅልፍም ከዚያው ነበር።

እጀታዋን ከምስማሯ አንስቼ መስኮቶቹን ሁሉ በረገድኩ። ቱቦውን አውጥቼ ወደ ውጭ ወረወርኩና ሆዳሙን ከመያዝ እስከ መልቀቅ አንድ ሙሉ ዙር አስኬድኩት። ሴትዮዋ ከማዶ ብቅ አለች፦ «ጀመራችሁ ደግሞ! ቤት የላችሁም? ልጅ የላችሁም?» ዙሩ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ አምስት ከትንሽ ነገር ወጣ። ደገምኩት። አምስት ከትንሽ ነገር።

በማን ልናደድ? ቱቦውን በወሸቀው? መስኮት ባዘጋው? ልጇን ማስተኛት በፈለገችው ሴትዮ? ወይስ ያን ሁሉ ስለካ የምለካበትን አየር ሳልለካ በቀረሁት በእኔ? ደሜ ፈላ፣ የምጮህበት ሰው ግን አልነበረም። መስኮቶቹን መልሼ ዘግቼ እጀታዋን ሰቅዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሙሉ ልብሱ በር ላይ ተሰቅሏል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ገና መርፌ ያልወጣለት። ችኩሌ እራት እየበላ ነው፤ እናታችን ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲበላ ታየዋለች። ነገር ማለዘብ አልችልበትም፤ አፈረጥኩት።

«ሦስት አይደለም። አምስት ነው።»

«ምኑ?»

ነገርኩት። ክሩን፣ ቱቦውን፣ መስኮቱን፣ የዛሬውን ዙር። ማኘኩን አቆመ።

«ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ።

«ደግሜዋለሁ።»

«መንትያው ገና አልሞቀም ይሆናል።»

«ሞቋል። አንተ ልጅ፣ ስማኝ…»

«አልሰማም!» ሣህኑን ገፋው። «አንቺ መቼ ነው አንድ ነገር ደስ ብሎሽ የምታውቂው? ስድስት ሲሆን ታለቅሻለሽ፣ ሦስት ሲሆን ታለቅሻለሽ። እኔ የሠራሁት ስለሆነ ነው! አንቺ ብትሠሪው ኖሮ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ ስህተት አትፈልጊም ነበር።»

«ዳዶ ወድቆብኝ ነው የገባሁት!»

«ቅናት ነው እታለም። በቃ፣ ቅናት።»

እናቴ ትገስጸዋለች ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ግን ልብሱን ነበር የምታየው።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ለአንድ ሳምንት እንኳ ደስ ይበለው ብለሽ ብትተዪው ምን ነበረበት?»

ተነስቼ ክፍሌ ገባሁ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ያለቀስኩት ስለ ሆዳሙ አይደለም። ያንን ልጅ ጫማውን ማሰር ሳስተምረው ሁለቴ ቋጥር፣ ሁለቴ ቋጥር ስል ነው የኖርኩት። አሁን ከእሱ ላይ የምነጥቀው ደግሞ እናቱ ፊት የቆመበትን መሬት ነው። እውነቱን ብናገር እሱን አጣለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ በሐሰት ቁጥር ትልቅ ጣቢያ ይሠራበታል፣ ሜዳ ላይ ሲቆም አምስት ይልና አገር ይስቅበታል። ያኔ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይሆናል።

በማግሥቱ አቶ ነገሩማ ዘንድ ገባሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሲሰማ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ነገሩማ ልክ ነሽ» አለ።

«እንግዲያው ለኮሚቴው ይንገሯቸው።»

«ነገሩማ አሁን ጊዜው አይደለም። ይምጡ፣ ይዩ፣ ይሂዱ። ገንዘቡ ሲለቀቅ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ምኑን ነው የምናስተካክለው? አምስቱን?»

«እህቴ፣ ለጊዜው መስኮቱ ይዘጋ።»

ለጊዜው! ከእሱም አፍ! በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ፤ ቢያንስ አንድ የተከፈተ ነገር ይኑር ብዬ።

እስከ ጉብኝቱ ድረስ እኔና ወንድሜ ከሥራ ነገር በቀር አልተነጋገርንም። «ካቻቢቴ።» «እንቺ።» «ዙሩ አለቀ።» «እሺ።» በሆዴ ቆርጬ ነበር። በዕለቱ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እሱ ካልተናገረ እኔ ተነስቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። ምንም አልናገርም፤ መስኮት ብቻ እከፍታለሁ። ቁጥሩ ራሱ ይናገር።

ቀኑ ደረሰ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁ እስከ ወለል ወርዶ ቱቦውን ሸፍኖታል። ላዩ ላይ ሻይና ብስኩት ተደርድሯል። ኮሚቴው ከሰብሳቢዋ ጋር ገባ፦ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ አነጋገሯ የረጋ ሴት ናት። ከኋላዋ ሌሎች፣ ከሌሎቹ ኋላ ደግሞ ከየቢሮው ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ገባ። ያቺ ክፍል እንዲህ ሞልታ አታውቅም። በሩ ተዘጋ። ዙሩ ተጀመረ።

እኔ ወደ ምስማሩ ዞር አልኩ። እጀታዋ የለችም።

ወለሉን አየሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ወደ አቶ ነገሩማ ተጠግቼ ጥርሴን ነክሼ፣ «የት አደረጓት?» አልኩት። «ምኗን?» አለ፤ ዓይኑ ደንግጦ። ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ አልዋሸም። ያን ጊዜ ችኩሌን አየሁት። በአዲሱ ልብሱ ሆዳሙ አጠገብ ቆሟል። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ረዘም ባለ ነገር ተወጥሯል።

ደበቃት። እንዳልከፍት ደበቃት! ሐሰቱን ሳያውቅ መሸከሙ አንድ ነገር ነው፤ አውቆ ሊጠብቀው ከእኔ እጀታ መስረቁ ሌላ ነው። ይኼን ነው ያሳደግኩት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሄጄ በጥፊ ልለው ትንሽ ቀረኝ።

እሱ ገለጻውን ጀመረ። ስለ ድስቱ፣ ስለሚደፋው ሙቀት፣ ስለ መንትያው። ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ እያናደደኝም ኮራሁበት። ክፍሉ ሞቀ። አንዱ የኮሚቴ አባል አዛጋ። አጠገቡ ያለው ተከተለው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ግንባሯን ጠረገች፣ እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ አዛጋች። ማዛጋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ዞረ። ችኩሌ ንግግሩን ቆም አድርጎ የሚያዛጉትን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከተ።

ዙሩ አለቀ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ከምናምን ወጣ።

ከሦስት በታች! ያን ያህል ወርዶ አያውቅም፤ ያን ያህል ሰው ተንፍሶለት አያውቅማ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። አቶ ነገሩማ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባል። ሰብሳቢዋ ለወንድሜ እጇን ዘረጋች፦ «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።»

እሱ እጇን አልጨበጠም። እጁ ከኪሱ ወጣ፤ እጀታዋን ይዟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ድምፁ ሰልሏል። «ይህ ቁጥር ሐሰት ነው።»

ጭብጨባው እየተንጠባጠበ ቆመ። ችኩሌ፣ በሕይወቱ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሠርቶ የማያውቀው ችኩሌ፣ ረጋ ብሎ ወደ መጀመሪያው መስኮት ሄደ። እጀታዋን ከተተ፣ አዞረ፣ በረገደው። ቀጣዩን። ቀጣዩን። የጠረጴዛውን ጨርቅ ገልጦ ቱቦውን አወጣና በመስኮቱ ለቀቀው። ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ከብስኩቱ ሥር የነበሩት ወረቀቶች ተበተኑ።

«የለቀቅነውን ነው መልሰን ስንይዝ የነበረው» አለ። «የእናንተም ትንፋሽ አለበት። ያገኘችው እህቴ ናት። ነግራኝ አልሰማ አልኳት። አንድ ዙር ታገሱኝ፣ እውነተኛውን ታያላችሁ።»

እሱ ወደ እኔ አላየም። እኔም ወደ እሱ ማየት አልቻልኩም፤ ቅድም በልቤ ያልኩት ሁሉ ፊቴ ላይ የተጻፈ መሰለኝ።

ማራገቢያው ተነሳ። ከማዶ የአራሷ ድምፅ ተከተለ፦ «ዛሬማ ብሶባችኋል! እንግዳ ጠርታችሁ ነው የምትጮሁት?» አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ። አቶ ነገሩማ «ነገሩማ… ነገሩማ…» እያለ በሰውና በሰው መሐል ይሽከረከራል። ሰብሳቢዋ ወደ ወንድሜ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ልጄ፣ ዝጋው እስቲ፤ አንሰማማም» አለች። «የመጀመሪያው ቁጥር ይበቃናል። ዝርዝሩን በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ነግሯችኋል እኮ! አፍ አውጥቶ ሐሰት ነው ብሏችኋል! እኔ እውነቱን መናገር ነበር የከበደኝ፤ የሚሰማው ሰው ላይኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቀን ከወንድሜ ጋር የተኮራረፍኩት?

አቶ ነገሩማ እጁን ዘረጋ። «አምጣት፣ እኔ ልዝጋው።»

ችኩሌ እጁን በመስኮቱ አወጣና ጣቶቹን ከፈተ። ከታች ያለው የጋራዥ ቆርቆሮ ጓ! አለ።

«እጀታ የለንም» አለ። «ሌላ የለም።»

ከዚያ ጠበቅን። ምን ምርጫ አለ? የሞቀው ሰው በረደውና ግማሹ ወጣ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሰብሳቢዋ ካፖርቷን ደርባ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠበቀች፤ ለዚህ አከብራታለሁ፣ ለሌላው ግን አልምራትም። ዙሩ አለቀ። አምስት ከትንሽ ነገር።

«የተባለው ከአራት በታች ነው» አለች።

«አዎ።»

«ያሳዝናል» አለችና መነጽሯን አንገቷ ላይ ለቀቀች። በሩ ላይ ለአቶ ነገሩማ ክፍሉ መቼ እንደሚለቀቅ ስትጠይቀው ሰማሁ። እሱም «ነገሩማ በወሩ መጨረሻ» አላት፣ ሳይደናቀፍ።

ሁሉም ሄዱ። የቀሩት የሻይ ብርጭቆዎች፣ ክፍት መስኮቶችና እኛ ነን። ችኩሌ ልብሱን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። እጀታዋን ደብቀህብኝ መስሎኝ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት።

«አንቺ ቀድመሽኝ እንዳትከፍቺው ነው የወሰድኳት» አለኝ እሱ ራሱ። «እኔ የዘጋሁትን እኔ ልክፈተው ብዬ። እዚያ እስክደርስ ድረስ ግን እግሬ እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭብጨባው ሲጀመር… እታለም፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እማዬን አሰብኩ።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ እናታችን ናት። እየጠራ ዝም አለው፤ እሷም አልታከተች፣ ደጋግማ ደወለች። ስልኩን ወለሉ ላይ መካከላችን አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ድሮ ስድስት ነበር። ዛሬ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ቱቦ ውጭ ሆኖ፣ አምስት ነው። ያቺ አንዷ… ያቺ የማን ናት? እሷም ስህተት ናት?»

በዕድሜዬ ለዚያ ልጅ ጥሩ ነው ያልኩት ነገር ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አያልፍም። ሁለቴ ቋጥር ነው የማውቀው።

«ያቺ ያንተ ናት» አልኩት። «ለክቻታለሁ። ስንቴ ለክቻታለሁ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ታግዬ ያላገኘኋት ናት። የመንትያው ናት፤ ያንተ ናት።»

ፊቱን በአዲሱ ልብስ እጅጌ ሸፈነ። አልነካሁትም። ልብሱን ግን በኋላ እንደሚያሳጥበኝ አሰብኩ፤ እኔ እንዲህ ነኝ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሄዶ በነፋስ የሚወዛወዘውን ቱቦ ያዘ። ከመሣሪያ ሣጥኑ የብረት ማሰሪያ አወጣ፣ ቱቦውን ከመስኮቱ ፍሬም ጋር አገጣጠመ፣ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «ሊፈቱት እኮ ነው። ለጊዜው በሽቦ አስረህ ተወው።»

«አይ» አለ፣ ዞር ሳይል። «በደንብ ልሰረው።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሳሁትና፣ «እማዬ» አልኳት፣ «ቁጭ በይና ስሚኝ። ስለ ልጅሽ ልነግርሽ ነው።»